ባዶ ሚስማር

ሽምብጥ ውስጥ፣ በቤቴ፣ በጭቃው ግድግዳ
አርባ ሁለት ሚስማር መትቻለሁ በተራ፤
በአርባ አንዱ ላይ መቀስ ተንጠልጥሏል።
አንዱ ግን ባዶ ነው፤ ስለሱ ኋላ ላውራ።

መጀመሪያ የገዛሁት
ቅዳሜ ገበያ፣ ከቁራሌው ከስንሻው ጆንያ፣
ከራዲዮ አንጀትና ከሰባራ መቆለፊያ
ሥር ተጋድሞ ያገኘሁት
አንድ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው፣ ዝገት እንደ እከክ የወረሰው፤
ስከፍተው አቃሰተ፣ ወገቡን እንደሚያመው ሰው።
«ምን ያደርግልሃል?» አለኝ ሻጩ ራሱ።
እኔ እንጃ። አሥር ብር ወጣች ከኪሴ፤ ሄድን እኔና እሱ።

በኑግ ዘይት ነከርኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣
ሦስተኛው ሌሊት ላይ፣ ከምላጩ ግርጌ፣ ፊደል ብቅ ሲል አየሁት፤
የፈረንጅ ፊደል፣ ግማሹን ዝገት የበላው።
መምህር አንለይ ዘንድ ሮጥኩ፤ መነጽሩን ሰክቶ ወደ መስኮት አዞረው፣
«ዞሊንገን ይላል፤ ጀርመን አገር ነው፤ የስለት ከተማ» አለኝ፤
እንግዲህ ያን ማታ ነው በሽታው የያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ ሽማግሌ ሳስቸግር
የተማርኩት ነገር፦
መቀስ ድሮ ድሮ አንድ ብረት ነበር፣
እንደ ወረንጦ የታጠፈ፣ ሲጨብጡት የሚገጥም፣ ሲለቁት የሚበር።
ኋላ ሁለት ሆነ፤ ሁለት ቢላ፣ ጀርባ የተሰጣጡ፣
በአንድ ችንካር እምብርት ታርቀው የተቀመጡ።
ችንካሩን መጀመሪያ የመታው ማን ነበር? የት ነበር አገሩ?
አልደረስኩበትም። በደብተሬ ላይ ክፍት ነው መስመሩ።

ይቺ ቀጭኗ የአዋላጅ ነች፤ ከደቅ መጣች በታንኳ፤
የወይዘሮ የሺእመቤት።
ስንቱን እትብት ቆርጣ፣ ስንቱን ከእናቱ ለይታ፣
ዛሬ ከጋሽ ሙጬ ፀጉር መቁረጫ ጎን ሥራ ፈትታ።
ይህ ከፋብሪካው ነው፣ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከሌሊት ፈረቃ፤
ጣት ማስገቢያው ላይ ክር ተጠምጥሟል፤
ክሩን አልፈታሁም፤ የሰው ላብ ነው በቃ።
ያ ወርቅ ቅቡ ደግሞ ሪባን የቆረጠ፣
አንድ ቀን ሠርቶ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠ፤
ቧንቧ ይሁን ድልድይ፣ ምን እንደመረቀ የሚያስታውስ የለም፤
እንደ አንዳንድ ሹም ነው፤ ያብረቀርቃል እንጂ ምላጭስ የለውም።

እንግዲህ ባዶዋ።

ጥር ላይ ነው ነገሩ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደረብ፣
የጣና ነፋስ በየበረንዳው የሰፊውን ክር ሲያወዛግብ።
ጥሩዓለም መጣች፣ ገበያ ዳር የምትሰፋው፣ እያለከለከች፦
«ጋሼ፣ መቀሴን ሰረቁኝ» አለች።
«የሦስት ሚዜ ቀሚስ አለብኝ፤ ሰርጉ እሑድ ነው፤
አሥሬ ለክቻለሁ፤ የቀረኝ መቁረጥ ነው።»
ዐይኗ ግድግዳው ላይ ነበር።
«ይሄ ሁሉ መቀስ! ይሄ ሁሉ ተሰቅሎ!»
እኔም ጀመርኩላት፦ ስለ ዞሊንገን፣ ስለ ችንካሩ፣
ከጎርጎራ ጭነው ስላመጡት ጀልባዎች፤
እሷ ግን መዳፏን ዘርግታ ቆማለች።

ስለት ያለው አንዱ ነው፤ የመጀመሪያዬ፣ የጆንያው።
አወረድኩት። እጄ እንደመንቀጥቀጥ አለ።
«እስከ ሰኞ» አልኳት።

ሰኞ አለፈ። ሌላም ሰኞ መጣ።
ልጠይቃት ብዬ በማለዳ ወጣሁ፤
ከበረንዳው ሳልደርስ ከሩቅ ሰማሁት፦
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
አያቃስትም። በእኔ ቤት፣ በእኔ ዘይት፣ ስንት ዓመት ተወልውሎ
አንድ ቀን አውጥቶት አያውቅም ይህን ድምፅ።
ካቲካላ ቤቱን ተደግፌ ቆምኩ፣
የሰው ምስጢር እንደሚያዳምጥ።

«ውይ፣ ጋሼ፣ መቀስዎ!» ብላ ደነገጠች፣
ልትጠቀልልልኝ ቁራጭ ጨርቅ ፈለገች።
«የለም፣ የለም» አልኩ፤ «ሳልፍ ነው፤ ዓሣ ልገዛ።»

ዓሣ ገዛሁ። ዓሣ አልወድም።
ቤት ስገባ ባዶዋ ሚስማር ላይ
ኮፍያዬን ሰቀልኩት፤
ጥቂት አየሁትና
መልሼ አወረድኩት።